መሪውን ማን ይያዝ?

በቋንቋችን «ራሱን የቻለ ሰው» የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር ይሸከማል። ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ጎጆ የቀለሰውን፣ የሰው እጅ የማያየውን፣ ሲወጣና ሲገባ ማንንም የማያስፈቅደውን ሁሉ በዚህ ስም እንጠራዋለን። «ቻለ» የሚለው ግስ ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ ማድረግ መቻልንም፣ መታገሥንና መሸከምንም ያመለክታል። ታዲያ ራሱን የቻለ የምንለው ያለ ማንም ርዳታ የሚኖረውን ነውን? እንዲህ ከሆነ ከአልጋው ለመነሣት የሌላ ሰው ክንድ የሚያስፈልገው ወንድማችን ይህ ስም ለዘለዓለም ተነፍጎታል ማለት ነው። እኛ ግን እንዲህ ነው ብለን አናምንም። ለምን እንደማናምን ለመግለጽም ከፍልስፍና መጻሕፍት አስቀድሞ አንድ ተራ የሚመስል ዕቃ እንመልከት፤ ይኸውም እግሮቹ ለማይታዘዙለት ሰው እንዲስማማ ተደርጎ የተለወጠ መኪና ነው።

አሠራሩ ምሥጢር የለበትም። ከመሪው ሥር አንድ ዘንግ ይተከላል፤ ዘንጉም በብረት ማያያዣ ከፍሬኑና ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ጋር ይገናኛል። ነጂው ዘንጉን ወደ ፊት ሲገፋው ፍሬን ይይዛል፤ ወደ ራሱ ሲስበው ወይም፣ እንደ አሠራሩ፣ ወደ ታች ሲጫነው ነዳጅ ይሰጣል። አንድ እጁ በዘንጉ ላይ ስለሚውል መሪውን በሌላው እጁ ብቻ ለማዞር የሚያመች ጉጥ ይገጠምለታል። ቀኝ እግሩ ብቻ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ነዳጅ መስጫው ወደ ግራ ይዛወርለታል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ፍሪሲዮን ስለማይኖር ሥራው ይቀላል። ከመንዳቱ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ መኪናው መቀመጫ መሸጋገሩና ወንበሩን አጥፎ ማስገባቱ ነው።

በዚህ ዓይነት መኪና ከነዱት ሰዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1921 በ39 ዓመታቸው ታመሙ፤ ሐኪሞች ደዌው ፖሊዮ ነው አሉ፤ እግሮቻቸውም ከዚያ በኋላ አልታዘዙላቸውም። በ1924 ዋርም ስፕሪንግስ ወደምትባለው በጆርጂያ ግዛት ወደምትገኝ ትንሽ ቦታ ሄደው በፍል ውኃዋ መታከም ጀመሩ። ፍል ውኃው እግራቸውን አልመለሰላቸውም። ሆኖም በዚያ ሥፍራ አንድ አሮጌ ፎርድ ሞዴል ቲ መኪና በእጅ ብቻ እንዲነዳ ሆኖ ተለወጠላቸው። የዚህ መኪና ነዳጅ ከመጀመሪያውም በመሪው አጠገብ ባለ ትንሽ ዘንግ በእጅ የሚሰጥ ስለ ነበረ፣ የቀረው የሦስቱን ፔዳሎች ሥራ ከእግር ወደ እጅ ማዛወር ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሩዝቬልት በአካባቢው የገጠር መንገዶች ላይ መዋል ጀመሩ። በገበሬው አጥር አጠገብ መኪናቸውን አቁመው ስለ እርሻውና ስለ ኑሮው ይጨዋወቱ ነበር። በቤት ውስጥ ወደ እርሳቸው የሚመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ቁልቁል ያያቸዋል፤ መሪ ጨብጠው በተቀመጡበት ጊዜ ግን ገበሬው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ እኩል ለእኩል ያነጋግራቸዋል። እግር የሌለው መኪና ውስጥ መቀመጡን ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም፤ በመኪና ውስጥ ሁሉም ሰው ተቀምጧልና። በ1938 በዚያው በጆርጂያ በባርንስቪል ከተማ ባደረጉት ንግግር፣ በዋርም ስፕሪንግስ የከፈሉት የመብራት ሒሳብ በኒው ዮርክ ግዛት ከሚገኘው ቤታቸው አራት እጥፍ እንደ ነበረና የገጠርን መብራት ጉዳይ እንዲያጠኑ ያነሣሣቸው ይህ እንደ ሆነ ገልጸዋል። የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን ያቋቋሙት በ1935 ነበር። ይህን ያደረገው በመኪና መስኮት የተሰማ ወሬ ብቻ ነው አንልም፤ ይሁን እንጂ ከቤቱ የማይወጣ ሰው የጎረቤቱ መብራት መጥፋቱን አያውቅም።

በ1939 የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛና ባለቤታቸው አሜሪካን ሲጎበኙ ፕሬዚዳንቱ በሃይድ ፓርክ በዚሁ ዓይነት መኪና ራሳቸው ነድተው አዙረዋቸው ነበር። ንግሥቲቱ ጉዞው እንዳስፈራቸው በኋላ ተናግረዋል። ሩዝቬልት ጠንቃቃ ነጂ ነበሩ ብለን ልንከራከር አንሻም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። እኚህ ሰው ወደ መኪናው መቀመጫ ሲገቡ አገልጋያቸው ይረዳቸው ነበር፤ ዘንጉን የሠራላቸው ሌላ ነው፤ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ደግሞ ጠባቂዎች በሌላ መኪና ይከተሏቸው ነበር። ታዲያ ራሳቸውን ችለው ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? ነጻነታቸው የሌሎች ድካም የለበሰ ጥገኝነት አይደለምን?

ፈላስፋው አላስዴር ማኪንታየር በ1999 ባሳተሙት፣ የሰውን ልጅ ባለ አእምሮና ጥገኛ እንስሳ አድርገው በሚመለከቱት መጽሐፋቸው ይህን ነገር በቀጥታ ነክተውታል። የሥነ ምግባር ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ስለ ሕሙማንና ስለ አካል ጉዳተኞች ሲናገሩ ሁልጊዜ «እነርሱ» እያሉ፣ የጤነኞች ቸርነት መድረሻ ብቻ አድርገው መቁጠራቸውን ይወቅሳሉ። እርሳቸው እንደሚሉት ግን ማንም ሰው በገዛ አእምሮው ማሰብና መወሰን የሚችለው ሌሎች ስላሳደጉት፣ ስላስተማሩትና ስላረሙት ነው፤ ጥገኝነት የጥቂቶች ዕጣ ሳይሆን የሁላችንም መነሻ፣ ለብዙዎቻችንም መድረሻ ነው። ይህን ስናነብ ተቃውሞው ራሱ ይገለበጣል። ጤነኛው ነጂስ መንገዱን ሠርቶ ነው የሚሄድበት? መኪናውንስ እርሱ ፈለሰመው? ጠጋኙ፣ ነዳጅ ቀጂው፣ መንገድ ጠራጊው ባይኖሩ የት ይደርስ ነበር? የእርሱ ርዳታ ከሁሉ ጋር የጋራ በመሆኑ አይታይም፤ የአካል ጉዳተኛው ርዳታ ግን ለብቻው ስለ ሆነ ዓይን ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ልዩነቱ በመረዳትና ባለመረዳት መካከል አይደለም። ልዩነቱ ርዳታው የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። አገልጋዩ ሩዝቬልትን ወደ መቀመጫቸው ያደርሳቸዋል፤ በመስቀለኛው መንገድ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የሚታጠፉት ግን እርሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱን ለማንም መንገር የለባቸውም። በሰው ጀርባ የሚጓዝ ሰው በጣም በሚወደው ሰው ጀርባ ላይ እንኳ ቢሆን ጉዞውን አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ሐሳቡን ቢለውጥ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ያለ ምክንያት ወደ ኮረብታ ወጥቶ መዋል ቢያምረው ይህን ለመጠየቅ ያፍራል። ይህ ሐፍረት ከእግር መድከም የበለጠ ሰውን እንደሚያሳንስ እናስባለን።

ሩዝቬልት ራሳቸው ከዚህ ሐፍረት ፈጽመው አልዳኑም። በመኪና ሲነዱ ሕዝብ ያያቸው ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ፎቶግራፍ እንዳይነሡ ግን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በብርቱ ተጠነቀቁ። በዋሽንግተን መታሰቢያቸው በ1997 ሲመረቅም ተሽከርካሪ ወንበሩን በግልጽ የሚያሳይ ሐውልት አልነበረበትም፤ የአካል ጉዳተኞች ከተሟገቱ በኋላ በ2001 ተጨመረ። ነቀፋውን በሰውዬው ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይመስለንም፤ ድካምን ከነውር ጋር የሚያደባልቀው ኅብረተሰብ ነበርና።

ሌላው ምሳሌያችን ከብሪታንያ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ ብዙ ያስተምራል። በዚያች አገር በርት ግሪቭስ የተባሉ ሰው ሽባ ለሆኑት ዘመዳቸው ሞተር የተገጠመለት ተሽከርካሪ ሠርተው ኢንቫካር የሚባለውን ባለ ሦስት ጎማ መኪና ማምረት ጀመሩ። መንግሥትም እንዲህ ያሉትን ተሽከርካሪዎች ለብዙ አካል ጉዳተኞች ያለ ክፍያ አደለ። በጎ ሥራ ነበር፤ ብዙዎችን ከቤት አውጥቷል። ነገር ግን መቀመጫው አንድ ብቻ ነበር። ሰው ማሳፈር ክልክል ነው። በእርሱ የምትነዳ እናት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ማድረስ አትችልም፤ ባልና ሚስት አብረው ዘመድ ሊጠይቁ አይሄዱም፤ መንገድ ላይ ቢበላሽም ነጂው ብቻውን ነው። ሠማያዊ ቀለሙ ደግሞ ከሩቅ ማን እንደ ሆነ ያሳውቃል። በ1977 የተጀመረው ሞታቢሊቲ የተባለው ዕቅድ ለዚህ መልስ ሰጠ፤ አካል ጉዳተኛው ከመንግሥት የሚያገኘውን የመጓጓዣ አበል ከፍሎ እንደ ማንኛውም ሰው ዓይነት መኪና እንዲይዝ አስቻለው። ኢንቫካሮቹ በ2003 ከመንገድ ተወገዱ።

ያች ትንሽ መኪና የተሳሳተ የነጻነት ትርጓሜ ጎማ ተገጥሞላት ስትሄድ የሚያሳይ ነበረች ብንል ማጋነን አይሆንም። ሠሪዎቿ አካል ጉዳተኛውን ተጓዥ አድርገው አሰቡት፤ አባት፣ ሚስት፣ ጎረቤት፣ ሌላውን የሚያሳፍር ሰው አድርገው ግን አላሰቡትም። ሰው ራሱን ቻለ የምንለው ግን ለሌላውም መትረፍ ሲጀምር ጭምር ነው። ሁልጊዜ ሲሳፈር የኖረ ሰው አንድ ቀን «ና ግባ፣ ላድርስህ» ሲል በእርሱና በወዳጆቹ መካከል ያለው ሚዛን ይለወጣል።

ዛሬ ይህ ሐሳብ በሕግም ገብቷል። በ2006 የጸደቀውና አገራችን በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ20ኛው አንቀጹ፣ ሰው በመረጠው መንገድና በመረጠው ጊዜ፣ አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ እንዲንቀሳቀስ መንግሥታት እንዲረዱ ያስገድዳል። «በመረጠው ጊዜ» የሚለውን ሐሳብ በተለይ እንወደዋለን፤ መርሐ ግብር ሁሉ የሚፈተነው በእርሱ ነውና።

በቤታችን ግን ሕግ የማይደርስበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ፍቅር ነው። የተጎዳውን ልጃችንን ከሁሉ አስበልጠን እንወደዋለን፤ ስለምንወደውም ነፋስ እንዳይነካው እንከልለዋለን። እናት «እኔ እያለሁ ምን አጥቶ» ትላለች። ቃሉ እውነት ነው፤ ልጁም ይህን እየሰማ ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል። አደጋ ይደርስበታል የሚለው ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ በመንገዶቻችን ላይ ማንም ቢሆን ሊፈራ ይገባዋል። ነገር ግን ጤነኛው ወንድሙ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ እንጸልይለታለን እንጂ ቁልፉን አንደብቅበትም። ለአንዱ የምንፈቅደውን ሥጋት ለሌላው የምንከለክለው በፍርድ ነው ወይስ በልማድ?

በሌላ በኩል መንዳት የማይችሉ ብዙዎች መኖራቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ የዓይን ብርሃን የሌላቸው፣ የሚጥል በሽታ የሚያስቸግራቸው፣ እጆቻቸውም የደከሙ። ክብራቸው ከመሪ ጋር የተያያዘ አይደለም። ለእነርሱም ቢሆን የያዝነው ጥያቄ ያው ነው፤ ረዳታቸው ወዴት ልውሰዳችሁ ብሎ ይጠይቃል ወይስ ወስኖ ይወስዳል?

በአገራችን ለአብዛኛው ሰው የግል መኪና ሕልም መሆኑን እናውቃለን። በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ለብዙዎች ያለው ብቸኛ መጓጓዣ ነው፤ እርሱም በየደጁ ደረጃና በየመንገዱ ጉድጓድ ይቆማል፤ የቤተ ክርስቲያኖቻችን ደረጃም በዚህ ውስጥ አለበት። ይሁንና አንድ ነገር ተለውጧል። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ናቸው፤ እነዚህም ፍሪሲዮን የላቸውም። ወደ እጅ የሚዛወሩት ፔዳሎች ሁለት ብቻ ናቸው። በየሰፈሩ ያሉት ብረት ሠራተኞቻችን ዘንጉን ለመሥራት ብልሃት አያንሳቸውም፤ ግን የፍሬን ማያያዣ እንደ መስኮት ፍርግርግ በዓይን ግምት አይበየድም፤ የሚለካው መሐንዲስ፣ የሚፈትሸው የተሽከርካሪ መርማሪ፣ በዚያ መኪና ላይ የሚያስተምር አሠልጣኝ ያስፈልገዋል።