ግድግዳ የሌለው ወሰን

የሐይቅ ውሃ ሦስት ወሰኖች አሉት። አንዱ ከአየር የሚገናኝበት ገጽ፣ ሌላው ከደለል የሚገናኝበት ወለል ነው። ሦስተኛው ለዓይን አይታይም፤ ፀሐይ ያሞቀችው ቀላል ውሃ ከሥሩ ካለው ቀዝቃዛና ከባድ ውሃ የሚለይበት ነው። ከዚህ ወሰን በላይም በታችም ያለው ውሃ ነው፤ በመካከሉ ግድግዳ የለም። ታዲያ ወሰን ያሰኘው ምንድን ነው?

መልሱ ቁስ በውሃ ውስጥ በሚጓዝባቸው ሁለት መንገዶች ላይ ያርፋል። አንደኛው የሞለኪውሎች ስርጭት ነው። በረጋ ውሃ ኦክስጅን 1 ሚሊሜትር ለመሰራጨት ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል፤ 1 ሜትር ለመዝለቅ ግን አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ርቀቱ 1,000 እጥፍ ሲሆን ጊዜው ሚሊዮን እጥፍ ይሆናልና። ሁለተኛው መንገድ ነውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ተመራማሪው ኦስቦርን ሬይኖልድስ በመስታወት ቱቦ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ቀጭን የቀለም መስመር ለቀቀ። ፍሰቱ ዝግ ሲል ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ፍጥነቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በአዙሪት ተበታትኖ ቱቦውን ሞላው፤ ነውጥ ማለት ይህ ነው።

ነውጥ ግን ብቻውን አያዋህድም። ሻይ ሲማሰል ስኳሩን የሚያሟሟው ማንኪያው አይደለም፤ ማንኪያው ያልጣፈጠውን ውሃ ወደ ስኳሩ ያቀርባል። ትላልቅ አዙሪቶችም ወደ ትናንሾች እየተሰባበሩ የተለያዩትን ውሃዎች በስስ በስሱ ያጠላልፋሉ። በመጨረሻ፣ ከሚሊሜትር ባነሰ ርቀት፣ ሥራውን የሚፈጽሙት ሞለኪውሎች ናቸው።

በገጽና በወለል ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ወደ ላይ የሚወጣ አዙሪት ገጹን ሰብሮ ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ይዘረጋል። ወለሉ አጠገብም የውሃው ዝልግልግነት እንቅስቃሴውን ያከስመዋል። በሁለቱም ቦታ ነውጥ የማይደርስበት እጅግ ስስ ንጣፍ ይቀራል፤ ኦክስጅን ከአየር ወደ ውሃ፣ ፎስፈረስ ከደለል ወደ ሐይቅ የሚሻገሩት በዚያ በኩል ነው። ነፋስ ሲበረታ ንጣፉ ይሳሳል፤ ሲሳሳም መሻገሪያው ያጥራል። ስለዚህ ነውጥ ወሰኑን አያጠፋውም፤ ያቀጥነዋል።

የውስጡ ወሰን ጠባይ ከዚህ ይለያል። እዚያ ነውጥን የሚገታው ክብደት ነው፤ ከባዱን ውሃ ወደ ላይ ለማንሳት ኃይል ይጠይቃልና። ሳይንቲስቱ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያቀረበው ሐሳብ እነዚህን ሁለት ተፎካካሪዎች ያነጻጽራል፦ ድርብርቡን የሚያጸናውን የክብደት ልዩነትና የሚያናውጠውን የፍጥነት ልዩነት። የክብደቱ ልዩነት ካየለ ነውጡ ይሞታል፤ የፍጥነቱ ካየለ ድርብርቡ ይደባለቃል።

የአፍሪካ ሐይቆች የዚህን ፉክክር ውጤቶች ያሳያሉ። ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ ነፋስና የሌሊት ቅዝቃዜ ብዙውን ጊዜ እስከ ወለሉ ያናውጡታል። ኦክስጅን ወደ ታች ይደርሳል፤ ነገር ግን ያው ነውጥ ደለሉን እያነሳ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ለዋቅላሚዎች የሚደርሰውንም ብርሃን ይቀንሳል። 1,470 ሜትር የሚጠልቀው ታንጋኒካ ከ200 ሜትር በታች ኦክስጅን የለውም። በበጋ የሚነፍሰው የደቡብ ነፋስ ንጥረ ምግቦችን ከጥልቁ ወደ ላይ ያመጣል፤ የላይኛው ውሃ እየሞቀ ሲሄድ ግን ይህ መሻገር ተዳክሞ የዋቅላሚው ምርት ቀንሷል። በካሜሩን የሚገኘው ኒዮስ ደግሞ የጸና ወሰን ያለውን አደጋ አሳይቷል። በጥልቁ የተከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1986 በድንገት ፈንድቶ ወጥቶ 1,700 ያህል ሰዎችን ገደለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ጋዙ በቧንቧ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ተደርጓል።

ከእነዚህ እንደሚታየው ወሰን ሁለት ነገሮች የሚለያዩበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ጉዞ የሚዘገይበትም ነው። ዝግታው የሚለካው በሚያናውጠው ኃይልና በሚቋቋመው ክብደት ሚዛን ነው። መሻገር ሲቋረጥ ከታች ያለው ሕይወት ይታፈናል ወይም መርዝ ይከማቻል፤ ሲበዛ ደግሞ ውሃው ይደፈርሳል። ስለዚህ ስለ አንድ ሐይቅ ደኅንነት ሲጠየቅ የውሃውን ይዘት ማወቅ አይበቃም፤ ይዘቱ ወሰኖቹን የሚሻገርበትን ፍጥነትም መለካት ያስፈልጋል።