ዕጣኑ ከመጨሱ በፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፣ በዚህ በዐቢይ ጾም ስለ አሮጌ ቤት ሽታ ጥቂት እንነጋገር። «እንዴ! ይህ ደግሞ የስብከት ርእስ ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። ነው እንጂ። ብዙ እናቶቻችን ብቻቸውን የቀሩባቸውን የድሮ ጭቃ ቤቶች እስቲ አስቡ። ልጅ በበዓል ዘይትና ስኳር ይዞ ይመጣል፤ ገና ከመቀመጡ ሰዓቱን ያያል። የልጅ ልጅ አፍንጫውን ይይዛል። እናት «ምነው ቡና ሳትጠጡ?» ሲሉ «ሥራ አለብን» ይባላሉ። እውነቱ ግን ሽታው ነው። ደፍሮ የሚነግራቸው የለም፤ ቀስ በቀስ ደጃፋቸው ጭር ይላል።

እርሳቸውማ አይሸታቸውም። አፍንጫ በአንድ ሽታ ውስጥ ሲቆይ ያንኑ ሽታ መለየት ያቆማል፤ በእርጅና ጊዜ ደግሞ የማሽተት ኃይል ይደክማል። ታዲያ አትፍረዱባቸው። የእኛስ ኃጢአት መቼ ይሸተናል? የለመድነው ነገር እኮ ነው! የንስሐ አባት የሚያስፈልገንም ስለዚህ ነው፤ ከውጭ የገባ ሰው ያውቀዋልና።

ብዙዎቻችን የምናውቀው መድኃኒት ዕጣን ማጨስ ነው። ዕጣን የተቀደሰ ነው። ነገር ግን የበሰበሰው ሳይነሣ ዕጣን ቢጨስበት ሽታው ሁለት ይሆናል እንጂ አይጠፋም። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 1 እግዚአብሔር የሕዝቡን ዕጣን የተጸየፈው ዕጣኑ ከፍቶ አይደለም፤ እጃቸው ደም ሞልቶበት ሳለ ስላጠኑለት ነው። በዚህ ጾም በሦስተኛው ሰንበት፣ በምኩራብ፣ የምናስበውም ጌታ ቤተ መቅደሱን ሲያጸዳ ነው። መጀመሪያ መውጣት ያለበትን አስወጣ።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን ከቁጥር 33 ጀምሮ አንብቡት። በቤት ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ሲታይ ባለቤቱ ለካህኑ ይነግራል። ካህኑ ሳይገባ በፊት ዕቃው ሁሉ ይወጣል። ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል። ምልክቱ ከሰፋ የተበከሉት ድንጋዮች ይነቀላሉ፣ ምርጊቱ ዙሪያውን ይፋቃል፣ ሁሉም ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይጠገናል። ያም ሆኖ ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። ልብ በሉ፣ ቀለም ቀቡበት የሚል የለም።

እኛም እንደዚያው እናድርግ። ዕቃውን አውጡና ፀሐይ አስመቱት፤ የበልግ ዝናብ ሳይጥል ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ምንጩን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው፦ የቆርቆሮው ምስማር ቀዳዳ ያፈሳል፣ ወይም የግቢው አፈር ከዓመት ዓመት እየተከመረ ከወለሉ በልጦ ውኃው ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። ቀዳዳው ይደፈን፣ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር፣ የሻገተው ምርጊት ተፍቆ ይጣል፤ አዲሱ በደንብ ሲደርቅ ኖራ ይቀባ። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለ ከላዩ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ፤ አይጥ ስንት ዓመት ኖሮበታል! ይውረድና ይጣል። በር ዘግቶ በከሰል ማድረቅ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውን በተኛበት ይገድላል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ፤ የሽንት ሽታ። ሽንት ዘልቆ የገባበት ስፖንጅ ፍራሽ ቢታጠብም አይመለስም፣ ይቀየር። የጣውላው ወለል በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ በውኃ በቀጠነ አቼቶ ይወልወል። በረኪና ሽንት ባለበት ቦታ አታፍስሱ፣ ከአቼቶም ጋር አታገናኙ፤ ደረትን የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ሽንት አለመቆጣጠር ነውር ሳይሆን ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕክምና አለው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

ይህን ስታደርጉ የኖኅን ልጆች አስቡ። ካም የአባቱን ዕራቁት አይቶ ወጥቶ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን አዙረው የኋሊት እየሄዱ አለበሱት። እናንተም ጎረቤት ጠርታችሁ «ኧረ ጉድ እዩ!» አትበሉ። ፍራሹን በማለዳ አውጡት። የሟች ባለቤታቸውን ካፖርት ሳትጠይቁ አትጣሉ፤ ለእናንተ የሻገተ ጨርቅ ነው፣ ለእርሳቸው ግን አርባ ዓመት የኖሩት ትዳር ነው። ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ሽታው ባይለቅ እንኳ እርሳቸው ይወስኑ። አንዳንዶቻችን ከሥጋና ከወተት 55 ቀን እንጾማለን፣ እናታችንን ለማሳፈር ግን አንድ ቀን አንታገሥም።

«ምርጊቱ እስኪደርቅ እናት የት ይደሩ?» የሚል ይኖራል። ከእናንተ ዘንድ ነዋ! አልጋችሁን ልቀቁላቸው፣ እናንተ መሬት ተኙ። ልጆቻችሁም በእነዚያ ቀናት ማታ ማታ ከአያታቸው አጠገብ ይቀመጡ፣ ተረትም ይስሙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።