ኃይሉን ማን ይሙላ?

ስዊድናዊው አርኔ ላርሰን በ43 ዓመቱ የልቡ ምት በቀን ከ20 እስከ 30 ጊዜ እየተቋረጠ ራሱን ይስት ነበር። ባለቤቱ ኤልሰ-ማሪ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በስቶክሆልም አቅራቢያ በሚገኘው ካሮሊንስካ ሆስፒታል የሚሠራውን ቀዶ ሐኪም ኦኬ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩኔ ኤልምክቪስትን ወተወተች። በሰው አካል ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) ገና አልተሠራም ቢሏት፣ እንግዲያው ሥሩት አለቻቸው።

ኤልምክቪስት ሁለት ትራንዚስተሮችን፣ ጥቅል ሽቦንና ትንንሽ የኒኬል-ካድሚየም ባትሪዎችን አገጣጥሞ በኢፖክሲ ሙጫ ሸፈናቸው። ቅርጽ ማውጫው የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1958 ሴኒንግ መሣሪያውን በላርሰን ሆድ ላይ ከቆዳው ሥር ቀበረው። ባትሪው ሲደክም ሌላ ጥቅል ሽቦ ከውጭ በቆዳው ላይ ይደረጋል። በዚህ ሽቦ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ ቆዳውን አልፎ በውስጠኛው ጥቅል ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ ባትሪውም ይሞላል። በሰው አካል ውስጥ የተቀበረው የመጀመሪያው ፔስሜከር በእንዲህ ያለ ሽቦ የሚሞላ ነበር።

መሣሪያው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆመ፤ ተተኪውም ብዙ አልቆየም። ላርሰን ግን በኋላ በተሠሩት እየታገዘ፣ በጠቅላላው 26 ፔስሜከሮች ተቀያይረውለት እስከ 2001 ኖረ። በ86 ዓመቱ ያረፈው ከሐኪሙም ከመሐንዲሱም በኋላ ነው፤ የገደለውም ካንሰር እንጂ ልቡ አልነበረም።

የመሙላቱ ሐሳብ ግን በፔስሜከር አልዘለቀም። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚሞሉ ፔስሜከሮች ገበያ ላይ ወጡ። ታካሚው በየሳምንቱ መሙያውን ደረቱ ላይ አድርጎ መቀመጥ ነበረበት። በዚያው ዘመን የመጣው የሊቲየም-አዮዲን ባትሪ ግን ሳይሞላ ለዓመታት ይሠራል፤ ያሸነፈውም እሱ ሆነ። ልብ ለአፍታም እረፍት የለውም፤ መሙያውን የሚይዘው ሰው ግን ያረጃል፣ ይታመማል፣ ይረሳል።

ያው ጥበብ በጆሮ ላይ ተሳካለት። መስማት ለተሳናቸው የሚገጠመው የተለመደው የኮክሊያ (የውስጠኛው ጆሮ) መሣሪያ በሰውነት ውስጥ በሚቀረው ክፍሉ ባትሪ የለውም። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ክፍል ድምፁን ወደ መልእክት ይለውጣል፤ በማግኔት ራስ ቆዳ ላይ የምትለጠፈው ጥቅል ሽቦ ኃይሉንም መልእክቱንም በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ውስጥ ታሻግራለች። ተጠቃሚው የውጩን ክፍል ማታ ያወልቀዋል፤ ባትሪው ሲያልቅም ራሱ ይቀይራል። ቢቋረጥ ድምፅ ይጠፋል እንጂ ሕይወት አይጠፋም። የተሻለ የውጭ ክፍል ሲመጣም ዳግም ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ ይለወጣል።

ኃይል በቆዳ በኩል ማለፍ መቻሉ በ1958 ተረጋግጧል። ዛሬ ለዓይን፣ ለነርቭና ለአንጎል የሚቀበሩ መሣሪያዎችን የሚነድፉ ሰዎች አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው፣ ኃይሉ ቢቋረጥ በታካሚው ላይ ምን ይደርሳል የሚለውን ነው። መቋረጡ ነፍስ የሚነጥቅ ከሆነ ኃይሉ አስተማማኝ ሆኖ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚታለፍ ከሆነ ባትሪው ውጭ ይሁን። በየሳምንቱ ወይም በየቀኑ የመሙላቱ ሸክም የሚወድቀው በታካሚው ላይ ነውና፣ ንድፉ ሳያልቅ እሱን መጠየቅ ግዴታ ነው።