ድልድዩና ዝምታው

ውበትና እውነት ሁልጊዜ ጎን ለጎን አይሄዱም። አንድ ሥዕል የሚያሳየው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ስለማያሳየው ነገር ሊጠየቅ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ከሚቀሰቅሱት ሥራዎች አንዱ አልፍሬድ ሲስሌ እ.ኤ.አ. በ1872 የሣለውና ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው «የቪልነቭ ላ ጋረን ድልድይ» ነው።

ሥዕሉ ከፓሪስ በስተሰሜን በሴን ወንዝ ዳር ያለችውን መንደር ያሳያል። ሰማዩ የጠራ ነው፤ ቤቶቹ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ለሽርሽር የመጡ ሰዎች ይታያሉ። የውሃው ብልጭታ በጠፍጣፋና በሰፋፊ የብሩሽ ምቶች ተቀምጧል። ከሁሉ አስቀድሞ ዓይንን የሚስበው ግን በሰያፍ የታየው ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ይህ ከብረትና ከድንጋይ የታነጸ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1844 የተሠራው መንደሪቱን ከማዶዋ ሰን ደኒ ጋር ለማገናኘት ነበር።

ሥዕሉ ሲሣል ግን አካባቢው ሰላሙን ካገኘ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። እ.ኤ.አ. በጥር 1871 የፕሩሲያ መድፍ ሰን ደኒን ደብድቧል፤ በዚያው ዓመት በግንቦት የፓሪስ ኮሙን በደም ተደምስሷል። ሠዓሊውም ከጉዳቱ አላመለጠም፤ የአባቱ ንግድ በጦርነቱ ሳቢያ በመክሰሩ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1899 ድረስ ችግር አልተለየውም። ከዚህ ሁሉ በሸራው ላይ አንዲት ምልክት የለችም።

ቁስልን በቀለም መሸፈን ሐሰት ነው የሚል ከሳሽ አይጠፋም። ክሱ ክብደት አለው፤ የተረሳ ሥቃይ ዳግም ለመፈጸም ይቀላልና። ነገር ግን መደበቅና አለመናገር አንድ አይደሉም። የሚደብቅ ሥዕል ተመልካቹ እንዳይጠይቅ ያደርጋል። ይህ ሥዕል ግን የሰው እጅ የሠራውን ብረትና ድንጋይ ፊት ለፊት በማቆም፣ ሁለት ዳርቻዎችን የሚያገናኝ መንገድ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያሳያል። ጥፋት ምን እንዳጠፋ የሚታወቀውም ሊጠፋ የሚችለው ነገር ዋጋው ሲታወቅ ነው።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ከወቀሳ ፈጽሞ ነጻ አይወጣም። በሸራው ላይ የሚዝናኑት ይታያሉ እንጂ ድልድዩን የገነቡት አይታዩም። ይህ ጉድለት በሠዓሊው ላይ ብቻ የሚጫን ሳይሆን ለተመልካቹም የተተወ ግዴታ ነው። ሥዕሉን ለተማሪዎቹ የሚያሳይ መምህር ስለ ብርሃኑ አስረድቶ ስለ ድልድዩ ሠሪዎችና ስለ መድፉ ዝም ቢል፣ ሐሰቱ የሚጀምረው ከሸራው ሳይሆን ከዚያ ዝምታ ነው።