መንገዱ የማን ነው?

ከሰው ልጅ የሥራ ውጤቶች መካከል እንደ መንገድ የባለቤትነትን ጥያቄ የሚያወሳስብ ጥቂት ነው። ቤት ለሚኖርበት፣ ማሳም ለሚያርሰው ይገባል ብሎ መከራከር አያዳግትም። መንገድ ግን የሚያልፍበት እንጂ የሚኖርበት ሰው የለውም። መሬቱ የአንዱ፣ የፈሰሰበት ጉልበት የሌላው፣ አገልግሎቱ ደግሞ የሦስተኛው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሦስቱ በተጋጩ ጊዜ ቅድሚያው ለማን ሊሰጥ ይገባል? ጥያቄው የሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚፈቱት አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ ስለ ሥራ፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ነፃነት ያለውን አመለካከት አደባባይ የሚያወጣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ነገሩን በጥቅሉ ከመናገር ይልቅም በአንድ ተጨባጭ ሥፍራ ላይ ተመሥርቶ መመርመር ይበጃል።

በደቡብ ጀርመን የባቫሪያ ሜዳ አልቆ የአልፕስ ተራሮች በሚጀምሩበት ግርጌ፣ ከድንበሩም ወዲያ በኦስትሪያው የቲሮል ክፍለ ሀገር፣ በጥድ ደን ውስጥ የሚጠማዘዙ እጅግ ብዙ የፒስታ መንገዶች አሉ። እነዚህ መንገዶች ለሽርሽር የተሠሩ አይደሉም። የተቆረጠ ግንድ በከባድ መኪና ለማውረድና ከብቶች በበጋ ወደሚሰማሩበት የተራራ ግጦሽ ለመድረስ የተጠረጉ ናቸው። አቀበታቸው የጫነ መኪና እንዲወጣው ሆኖ ተለክቷል፤ የበረዶ ውሃ እንዳይሸረሽራቸው ቦይና ቱቦ ተበጅቶላቸዋል፤ ጠጠራቸውም በየጊዜው ይደለደላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ አዲስ መንገደኛ መጥቶባቸዋል፤ እርሱም ብስክሌተኛው ነው። መሪው እንደ እሽቅድድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ጠጠሩን እንዲችል ሰፋ ያለ ልዩ ብስክሌት ተሠርቶለታል። ስፖርቱም ተስፋፍቶ በ2022 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በሰሜን ጣሊያን፣ በቬኔቶ ተካሂዷል። ለግንድ ጭነት የተለካው አቀበት ለሰው ጉልበትና ለካቴና የተመቸ ሆኖ ተገኘ። የመንገዱ ሠሪዎች ይህን አላሰቡትም ነበር፤ ጥቅሙ ግን ከእጃቸው ወጣ።

ከባቫሪያው የቴገርንዜ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ቲሮሉ የአኸንዜ ሐይቅ የሚጓዝ ብስክሌተኛ ድንበሩን ሲሻገር ደኑም ጠጠሩም አይለወጡበትም። የሚለወጠው ሕጉ ነው። በ1946 የጸደቀው የባቫሪያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 141 ላይ በተፈጥሮ ውበት መደሰትና በገላጣው ተፈጥሮ ውስጥ ማረፍ፣ በተለይም ወደ ደንና ወደ ተራራ ግጦሽ መግባት ለማንኛውም ሰው የተፈቀደ መሆኑን ይደነግጋል። የክፍለ ሀገሩ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግም ለዚሁ ተስማሚ በሆኑ የግል መንገዶች ላይ ሞተር በሌለው ተሽከርካሪ መጓዝን ይፈቅዳል፤ ቅድሚያው ግን የእግረኛው መሆኑን አክሎ ነው። በ1975 የወጣው የኦስትሪያ የደን ሕግ በበኩሉ በአንቀጽ 33 ማንም ሰው ለዕረፍት በእግሩ ወደ ደን እንዲገባ ሲፈቅድ፣ በተሽከርካሪ መጓዝን ግን የደኑ ባለቤት ወይም መንገዱን የሚጠብቀው አካል ፈቃድ እንዲያሻው አድርጓል። ያ ሕግ በጊዜው ለእግረኛው ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት ለገበያ የቀረበው በ1981 ነውና፣ ሕግ አውጪዎቹ ዛሬ የሚፈርዱበትን መንገደኛ አያውቁትም ነበር። እንግዲህ አንዱ ሰው፣ በአንዱ ብስክሌት፣ በአንዱ ቀን ከድንበሩ ወዲህ ባለመብት፣ ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ ፈቃድ ካላገኘ ጥፋተኛ ሊሆን ነው። የሰውየው ምግባር ሳይለወጥ ፍርዱ የሚለወጥ ከሆነ፣ ፍትሑን ከሕጉ አንቀጽ ባሻገር መፈለግ ይኖርብናል።

በመሠረቱ ተራራን የመርገጥ መብት ከላይ የተሰጠ ችሮታ አይደለም። በ1895 በቪየና አንድ መምህር፣ አንድ ማጭድ ሠሪና አንድ ተማሪ፣ እነርሱም ጌዮርግ ሽሚድል፣ አሎይስ ሮራወርና በኋላ የኦስትሪያ ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁት ካርል ሬነር፣ «የተፈጥሮ ወዳጆች» የተባለውን የሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ። በዚያ ዘመን ተራራ መውጣት ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ጨዋታ ነበር። ማኅበሩ ግን በፋብሪካ ጭስ ውስጥ ለሚውለው ሠራተኛ ንጹሕ አየር እንደ ዳቦ የሚያስፈልግ መሆኑን አስተማረ፤ የአባላቱም ሰላምታ «ተራራው ነፃ» የሚል ሆነ። ማኅበሩ በ1933 በጀርመን፣ በ1934 ደግሞ በኦስትሪያ ታገደ። የሠራተኛን የእሑድ ሽርሽር እንኳ የሚፈራ ሥርዓት መኖሩ ዕረፍት ምን ያህል ክብደት ያለው ጉዳይ እንደሆነ ይመሰክራል። የባቫሪያን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው ሶሻል ዴሞክራቱ ቪልሄልም ሄግነርም የናዚን ዘመን በስዊዘርላንድ በስደት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። በስዊዘርላንድ ደግሞ በ1907 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 699፣ እንደየአካባቢው ልማድ ደንና ግጦሽ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን አስቀድሞ ደንግጎ ነበር።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የባለቤቱን አቤቱታ ሳናዳምጥ ብንፈርድ ግን ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ደን ለከተሜው ማረፊያ ይሁን እንጂ ለገበሬው የሥራ ቦታ ነው። በመጠምዘዣው ወዲያ ግንድ የጫነ መኪና ይመጣል፤ ከመንገዱ በላይ ዛፍ ይቆረጣል፤ አመሻሽ ላይ ለግጦሽ የሚወጣው አጋዘን በጎማ ድምፅ ይበረግጋል። አደጋ በደረሰ ጊዜም ተጠያቂነቱ ባለመሬቱን ሊነካ ይችላል። በ2014 በቲሮል በሚገኝ አንድ ሸለቆ ጥጆቻቸውን የያዙ ላሞች ከውሻዋ ጋር ስታልፍ የነበረች እግረኛ ገደሉ። በ2019 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ በከብቶቹ ባለቤት ላይ ጫነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 ጥፋቱ የሁለቱም ወገን ነው በማለት እኩል አካፈለው። ይህን ያየ ገበሬ በሩን ለመዝጋት ቢያስብ ክፉ ነው ሊባል አይችልም። በገዛ ግጦሹ ላይ የእንግዳ ዋስ ሁን መባሉ ከብዶት ነው።

በዚህ ረገድ ሥነ ጥበብ ከሕግ ይልቅ ቀድሞ ያየው ነገር አለ። ሠዓሊው ጆቫኒ ሴጋንቲኒ በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል በሚገኘው በሳቮኚን መንደር ሲኖር፣ በ1890፣ «ከደን መመለስ» የተሰኘውን ሥራውን ሠርቷል። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን፣ ግንድ የተጫነበትን ሸርተቴ በበረዶ ላይ እየጎተተች ወደ መንደሯ ትሄዳለች። ተራራው አለ፣ በረዶው አለ፣ ውበቱም አለ፤ ነገር ግን ዓይናችን ወደ ውበቱ የሚደርሰው በሴቲቱ ጎባጣ ትከሻ ላይ አልፎ ነው። ከዚያ ወዲህ ደኑን እንደ ትርኢት ብቻ ለማየት ይቸግረናል። ብዙ የቱሪስት ፖስተሮች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። መንገዱን ያሳያሉ፤ የጠረገውን ይሠውራሉ። ብስክሌተኛውን ብቻውን ከሰማይና ከጠጠር ጋር ያቆሙትና ነፃነት ብለው ይሰይሙታል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ባለመሬቱ በሰነድ ይከራከራል፤ ነገር ግን ተራራውን እርሱ አልሠራውም። መንገዱን የጠረገውና የሚደለድለው በጉልበቱ ይከራከራል፤ ይሁን እንጂ ሥራው ማንም በማያልፍበት መንገድ ላይ ትርጉም የለውም። መንገደኛው በፍላጎቱ ይከራከራል፤ ፍላጎት ብቻውን ግን የሌላውን ድካም በነፃ ለመውሰድ አያበቃም። ከሦስቱ አንዱም ለብቻው መንገዱን ጠቅልሎ ሊወስድ አይችልም። ምክንያቱም መንገድ በመሠረቱ በሰዎች መካከል ያለ ግንኙነት ነው። ማለፍ ከባለቤቱ ምንም በማይወስድበት ጊዜ ሁሉ መከልከል ግፍ ነው። ማለፍ አንዳች ነገር፣ ይኸውም ጠጠሩን፣ ጸጥታውን ወይም የእንስሳቱን ሰላም በሚወስድበት ጊዜ ደግሞ ዕዳ ይወለዳል። መብቱና ዕዳው መንታ ናቸው፤ አንዱን አቅፎ ሌላውን መጣል አይቻልም። ስለሆነም የኦስትሪያው ሕግ መብትን ወደ ፈቃድ በመለወጡ ይነቀፋል፤ ዕዳውን የማይቀበለው ብስክሌተኛ ግን ያን ሕግ ለመንቀፍ አፍ የለውም።

ቲሮል ከ1997 ጀምሮ የመካከለኛ መንገድ ሞክራለች። ባለሥልጣኖቿ ከባለመሬቶች ጋር ውል እየተዋዋሉ መንገዶችን ለብስክሌት ይከፍታሉ፤ ባለመሬቱ ካሣ ያገኛል፤ የተጠያቂነቱም ስጋት በመድን ይሸፈናል። ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ ብቻውን የከበደው በጋራ ሲያዝ ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ሆኖም በውል የተከፈተ መንገድ ውሉ ሲያልቅ ሊዘጋ ይችላል። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው፣ ገንዘቡ በሌላ እጅ ሲከፈል መንገደኛው ዕዳዬ አልቋል ብሎ ማሰቡ ነው። ግንድ እየተጎተተ ሳለ ቆሞ መጠበቅ፣ በሽማግሌ እግረኛ አጠገብ ፍሬን ይዞ ቀስ ማለት፣ የከፈቱትን የግጦሽ በር መልሶ መዝጋት፣ ሳይመሽ ከደኑ መውጣት፣ እነዚህን የሚገዛ ካሣ የለም። በራስ እጅ ብቻ የሚከፈሉ ናቸው።

የባቫሪያው አንቀጽ 141 የተፈጥሮን ደስታ ለሁሉም ከፈቀደ በኋላ፣ እያንዳንዱ ሰው ተፈጥሮንና መልክዓ ምድሩን በጥንቃቄ የመያዝ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። መብቱና ግዴታው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ተገቢ ነው። የወል የሆነ ነገር ሁሉ፣ መንገድም ይሁን ውሃ፣ ትምህርትም ይሁን ጥበብ፣ የሚጠፋው በሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ አንደኛው የእኔ ብቻ ነው ብሎ የሚዘጋው፣ ሁለተኛው የማንም አይደለም ብሎ የሚያበላሸው ነው። በመካከላቸው ያለው ሰው የእኔም ነው ይላል። «የእኔም» የምትለው ቃል ይገባኛል ባይነትንም፣ ተጠያቂነትንም፣ ከእኔ በፊት የደከመውንና ከእኔ በኋላ የሚመጣውንም ትይዛለች። መንገዱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄም ከዚህች ቃል የበለጠ ትክክለኛ መልስ የሚገኝ አይመስልም።