ያልተመኙት ዙፋን

ሰው ወዶ ለያዘው ሥልጣን ኀላፊ መሆኑን ማንም አይክድም። ሳይፈልገው ለተጫነበት፣ ይልቁንም ስሙን ብቻ ይዞ ትእዛዙን ሌሎች ለሚሰጡበት ሥልጣን ግን ይጠየቃልን? ይህን ጥያቄ በባዶ ሐሳብ ከማገላበጥ ከጥንት የቻይና ታሪክ አንድ ምሳሌ ወስደን ብንመረምረው ይሻላል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ9 ዓ.ም. ዋንግ ማንግ የተባለ መኰንን የሐንን ሥርወ መንግሥት ሽሮ ዘውዱን ወሰደ። ነገር ግን የቢጫው ወንዝ ጐርፍና ረኃብ ገበሬውን አስነሣበትና በ23 ዓ.ም. ተገደለ። ካመፁት ወገኖች አንዱ በውጊያ ጊዜ ለመተዋወቅ ቅንድቡን ቀይ የሚቀባው ሠራዊት ነበረ። መሪው ፋን ቾንግ ጀግና ቢሆንም ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር። እነዚህ ሰዎች ሽፍታ ከመባል ለመዳን ከሐን ዘር ንጉሠ ነገሥት ሊያቆሙ ቈረጡ።

በ25 ዓ.ም. ሦስት የዘሩ ተወላጆች ዕጣ አወጡ። ሁለቱ ባዶ ደረሳቸው፤ የተጻፈበት ዕጣ ግን ለሁሉ ታናሽ፣ የሠራዊቱን ከብት ይጠብቅ ለነበረው ለ15 ዓመቱ ለሊዩ ፔንዚ ወጣ። ጫማ የሌለው፣ ጠጕሩ የተንጨባረረ፣ ልብሱ የተቀደደ ይህ ብላቴና አለቆቹ ሁሉ ሲሰግዱለት ባየ ጊዜ ፈርቶ ሊያለቅስ ደረሰ። ዕጣውንም በጥርሱ ሰብሮ ጣለው።

ሠራዊቱ ዋና ከተማውን ቻንግአንን ያዘ፤ ዘረፋውም በንጉሡ ጥላ ሥር ቀጠለ። በ26 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ጉባኤ ላይ ግን ብላቴናው ከዙፋኑ ወረደ፤ ማኅተሙንም ፈትቶ እያለቀሰ፣ ንጉሥ ከቆመ በኋላ ዝርፊያው አለመቅረቱ የቆመው ሰው ስለማይገባው ነውና አሰናብቱኝ ሲል ለመነ። አለቆቹ አፈሩ፤ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ዙፋኑ መለሱትና በየሰፈራቸው ተከተቱ። ይህ በተሰማ ጊዜ ሸሽቶ የነበረው ሕዝብ ወደ ከተማው ተመለሰ። ከሃያ ቀናት ጥቂት ከፍ ካለ ጊዜ በኋላ ግን ወታደሮቹ እንደገና ለዘረፋ ወጡ።

እኛ የምንመረምረው እነዚህን ሃያ ቀናት ነው። የንጉሥነት ስም ባዶ ቢሆን ኖሮ፣ ሰይፍ የሌለው ልጅ ዕንባ ያን ሁሉ ሠራዊት እንዴት ሊገታ ቻለ? ሰይፉማ በዘራፊዎቹ እጅ ሞልቶ ነበር፤ የጐደላቸው ስም ብቻ ነው። እንግዲህ ስሙን ያበደረ ሰው ትልቁን ነገር አበድሯል። «እኔ የሰጠሁት ፊርማዬን ብቻ ነው» የሚል ሹምም፣ የተፈለገው ያው ፊርማ እንደ ነበረ ሊያስተውል ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ፍርድ እንደ ዐቅም መሆን አለበት። ብላቴናው ስሙን ሊነሣቸው ሞከረ፤ እነርሱ ግን መልሰው አስቀመጡት። ስለዚህ ባልቻለው ሳይሆን በቻለው ልንመዝነው ይገባል፤ በዚህ ሚዛን ከአለቆቹ ሁሉ ይበልጣል።

በ27 ዓ.ም. ሠራዊቱ የሐንን መንግሥት መልሶ ላቆመው ለንጉሠ ነገሥት ጓንግዉ እጁን ሰጠ። ጓንግዉ ብላቴናውን ሞት የሚገባህ መሆኑን ታውቃለህን ሲለው፣ ተገድጄ ነው ብሎ አልተከራከረም፤ ጥፋቱን አምኖ ምሕረት ለመነ። ንጉሡም ማረው፤ በኋላም ዐይኑ በሕመም ሲጠፋ ከመንግሥት መሬት ግብር እየተሰጠው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንዲኖር አደረገ።

ከብት ከመጠበቅ በቀር ያልተማረ ልጅ ስሙ ከሥራው እንደማይለይ ዐወቀ። ፊደል ለቈጠርን፣ ማኅተምም በእጃችን ላለ ለእኛ ይህን አለማወቅ ምክንያት ሊሆነን አይችልም።