ቀንና ሌሊትን የተካፈሉ ሁለት ሐረጎች

ሁለቱም ሐረጎች ናቸው፤ ሁለቱም የስኳር ድንች የቅርብ ዘመድ። ከገበያ ገዝተን ቀቅለን የምንበላው ያ ትሑት ሥር እንዲህ ያለ የአበባ ወገን እንዳለው ስንቶቻችን ልብ ብለናል? አንደኛው፣ ኢፖሜያ ትሪኮሎር፣ ሰማያዊ አበባውን ጎሕ ሲቀድ ይገልጣል፤ ሌላው፣ ኢፖሜያ አልባ፣ ነጩን አበባ ይዞ ጀንበር እስክትጠልቅ ይታገሣል። የሁለቱም ጥንተ አገር የአሜሪካ ሞቃት ምድር ነው።

እስኪ ሰማያዊውን ገና እንቡጥ ሳለ ቀርበን እንየው። እንደ ጧፍ ተጠምዝዟል፤ መልኩም ወደ ቀይ ያደላ ሐምራዊ ነው። ሊነጋጋ ሲል ጥምዝምዙ ይፈታል፤ ሐምራዊውም ሰማይ ይሆናል። ይህ ቀለም ከወዴት መጣ? ከወዴትም አልመጣም! ቀለሙ ያው የትናንቱ ነው፤ የተለወጠው በአበባው ሕዋሳት ውስጥ የተቋጠረው ውሃ ነው። በእንቡጡ 6.6 የነበረው የዚህ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) አበባው ሲፈካ 7.7 ይደርሳል። በዓይናችን በማናያት ከረጢት ውስጥ አሲድነቱ እንዲህ በጥቂቱ ቢለዝብ፣ ለእኛ ሰማይ ወርዶ አጥር ላይ ያረፈ ይመስለናል።

ነጩ ቀለም አልታደለም፤ መዓዛ ግን ተሰጥቶታል። በጨለማ የሚጠራ ከመዓዛ ሌላ ምን ያሻዋል? የአበባው ቱቦ 10 ሴንቲሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል፤ ከዚያ ጥልቀት ማሩን የሚቀስመው ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት ነው። አዎ፣ መብራታችንን ሲዞር በእጃችን የምናባርረው የዚያ ፍጥረት ወገን።

የጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ደግሞ የዚህን ነጭ ሐረግ ጭማቂ ከጎማ ዛፍ ወተት ጋር አዋሕደው፣ ከ3,500 ዓመት በፊት የምትነጥር ኳስ ሠርተዋል። ለስላሳው ሐረግ የዛፉን ወተት አጠነከረው!

ሁለቱን በአንድ አጥር ሥር ብንተክላቸው፣ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ፣ የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ፣ እየተጠመጠሙ ይወጣሉ። አንዱ በሌላው ሰዓት አይገባም። ቀኑ ሲገፋ ሰማያዊው ጠርዙን ወደ ውስጥ ይጠቀልላል፣ ወደ ቀደመ ሐምራዊነቱም እያዘነበለ ይጠወልጋል፤ አንድ ቀን ነበር ዕድሜው። ሲመሽ ከጎኑ ያለው ነጭ እንቡጥ ይላወሳል፣ እጥፋቱን ይለቃል፣ ዓይናችን እያየ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረጋል። ዝም ብለን ከቆምን፣ ከጨለማው ወገን የክንፍ እርግብግብታ ይሰማናል።